የምጥ ሕመም ማስታገሻ፦ ምን ልምረጥ? መቼስ ልወስን?

ጥያቄ፣ ከበኩር ጠባቂ

የተከበራችሁ የዚህ መድረክ ተሳታፊዎች፣

የመጀመሪያ ልጄን አርግዤ 34ኛ ሳምንቴን ይዣለሁ። ክትትሌን ሳላቋርጥ ስለማደርግ የደም ግፊቴም ሆነ የጽንሱ ዕድገት ደኅና መሆኑ ተነግሮኛል፤ ስለዚህ የመጣሁት ስለ በሽታ ለመጠየቅ ሳይሆን ስለ ምርጫ ለመማከር ነው። ባለፈው ቀጠሮዬ አዋላጇ «በምጥ ጊዜ ለሕመሙ ምን እንዲደረግልሽ እንደምትፈልጊ አስቢበትና በሚቀጥለው ንገሪኝ» ብላ የሚገኙትን አማራጮች ዘረዘረችልኝ። እነርሱም በጭንብል የሚሳበው ናይትረስ ኦክሳይድ የተባለው ጋዝ፣ ፔቲዲን የተባለው መርፌና በጀርባ በኩል የሚሰጠው ኤፒዱራል ሲሆኑ፣ ከመድኃኒት ውጭ ደግሞ ሙቅ ውሃ፣ መታሸት፣ የአተነፋፈስ ልምምድና ከአጠገቤ የማይለይ ሰው ናቸው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ያገኘሁትን ሁሉ ሳነብ ቆይቻለሁ፤ ነገር ግን ባነበብሁ ቁጥር ይበልጥ ግራ እየገባኝ ሄደ። አንዱ ጽሑፍ ከኤፒዱራል በቀር ምጥን በእውነት የሚያስታግስ ነገር የለም ይላል፤ ሌላው ኤፒዱራል ምጡን እንደሚያጓትትና መጨረሻው ኦፕሬሽን እንደሚሆን ያስጠነቅቃል። ስለ ፔቲዲንም አንዷ እናት «አሳረፈኝ» ስትል ሌላዋ «ሕመሙ ሳይለቀኝ እንቅልፍ ብቻ ጣለብኝ» ትላለች። ከሁሉ በላይ የሚያስጨንቀኝ ግን ምጥን ቀምሼው የማላውቅ ሆኜ ሳለ፣ የምችለውንና የማልችለውን ከአሁኑ ለይቼ እንድናገር መጠየቄ ነው። በዚያ ላይ ያለ መድኃኒት መውለድ የእናት ጥንካሬ መለኪያ እንደሆነ አድርገው የሚነግሩኝ ሰዎች አሉ፤ ነገሩን አልቀበለውም ብልም ልቤ ላይ ይቀራል።

ስለዚህ ውሳኔዬን ከምጥ በፊት ቆርጬ ማስታወቅ አለብኝ ወይስ በምጥ መካከል መለወጥ እችላለሁ? አንዱን ከወሰድሁ በኋላ ሌላው ይከለከለኛል? ለልጁ ይበልጥ የሚያሳስበውስ የትኛው ነው? በሙያው ያላችሁም ሆነ ያለፋችሁበት እናቶች የምታውቁትን ብታካፍሉኝ ምስጋናዬ ከልብ ነው።


ምላሽ፣ ከአንዲት አዋላጅ

እህቴ፣ እንኳን ለዚህ አበቃዎት። ለብዙ ዓመታት በማዋለጃ ክፍል የሠራሁ አዋላጅ ነኝ።

በመጀመሪያ ጥያቄዎ ልጀምር። ከምጥ በፊት የሚናገሩት ነገር እኛ እንድንዘጋጅ የሚረዳን ሐሳብ ነው፤ የሚያስርዎት ውል አይደለም። «ኤፒዱራል አልፈልግም» ብላ ያስመዘገበች ሴት በምጥ መካከል «ስጡኝ» ማለት ትችላለች፤ እፈልጋለሁ ያለችውም ሳያስፈልጋት ሊቀር ይችላል። የማያውቁትን ሕመም ከአሁኑ እንዲመዝኑ የሚጠይቅዎት ሰው ካለ የማይቻል ነገር ነው የጠየቀዎት። ከአሁኑ ማወቅ የሚቻለውና የሚጠቅመው ስለ እያንዳንዱ ማስታገሻ መቼ መጀመር እንደሚቻል፣ በምን ያህል ጊዜ እንደሚሠራ፣ ሥራው እስኪያልቅ ምን ያህል እንደሚቆይ፣ ከእርሱም በኋላ የትኛው በር ክፍት እንደሚቀርና የትኛው እንደሚዘጋ ነው። እነዚህን ካወቁ ምርጫው በአንድ ቀን የሚቆረጥ መሆኑ ቀርቶ ምጡ በገፋ ቁጥር አንድ በአንድ የሚወሰን ይሆናል።

የምጥ መጀመሪያ ክፍል፣ ማለትም የማሕፀን በር ቀስ እያለ የሚሳሳበትና መከፈት የሚጀምርበት ጊዜ፣ በተለይ ለመጀመሪያ ወላጅ ረጅም ሊሆን ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው መመሪያ የፋፋመ ምጥ ጀመረ የሚባለው የማሕፀን በር 5 ሴንቲሜትር ሲከፈት ነው፤ ከዚያ ጀምሮ ሙሉ በሙሉ እስኪከፈት ድረስ ያለው ጊዜ ለመጀመሪያ ወላጅ አብዛኛውን ጊዜ ከ12 ሰዓት አይበልጥም። ከ5 ሴንቲሜትር በፊት ያለው ጊዜ ግን የተወሰነ ልክ የለውም፤ ብዙ ሴቶች ጉልበታቸውን የሚጨርሱትም እዚያ ላይ ነው። በዚህ ጊዜ መንቀሳቀስ፣ ሙቅ ውሃ፣ ወገብን በሙቅ ጨርቅ መያዝና መታሸት፣ በምጥና በምጥ መካከል ማረፍ ሊናቁ የማይገባቸው ነገሮች ናቸው። ይኸው መመሪያ መታሸትን፣ ሙቅ ጨርቅንና አተነፋፈስን የመሳሰሉ ዘዴዎችን ማስታገሻ ለምትፈልግ ጤናማ ሴት እንዲቀርቡ ይመክራል፤ ኤፒዱራልንና እንደ ፔቲዲን ያሉ መርፌዎችንም እንዲሁ።

አብሮ ስለሚቆይ ሰው የጻፉትን ከመጨረሻ ስላስቀመጡት ቅር ብሎኛል፤ እኔ ብሆን ከፊት አስቀምጠው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመውና ከ15 ሺህ በላይ ሴቶች የተሳተፉባቸውን 26 ጥናቶች ያጠናቀረው የኮክሬን (የሕክምና ጥናቶችን አሰባስቦ የሚመዝን ዓለም አቀፍ ድርጅት) ግምገማ እንደሚያሳየው፣ በምጥ ጊዜ የማያቋርጥ ድጋፍ ያገኙ ሴቶች ምጣቸው አጠር ያለ፣ በቀዶ ሕክምና የመውለዳቸው ዕድል ያነሰ፣ የማስታገሻ ፍላጎታቸውም የቀነሰ ነበር። ይህን የሚያህል ጥቅም አለኝ የሚል መድኃኒት ቢመጣ ሁላችንም እንሻማበት ነበር። ወደ መታጠቢያ ገንዳ መግባትም ለብዙዎች እፎይታ ይሰጣል፤ የውሃው ሙቀት ከ37.5 ዲግሪ ሴልሺየስ እንዳይበልጥ ይደረጋል። በአንጻሩ በቆዳ ላይ ተለጥፎ ቀላል የኤሌክትሪክ ንዝረት የሚሰጠው ቴንስ የተባለው መሣሪያ በፋፋመ ምጥ ላይ ለመጥቀሙ በቂ ማስረጃ ስለሌለው ብዙ ተስፋ አይጣሉበት።

ጋዙ ግማሹ ናይትረስ ኦክሳይድ፣ ግማሹ ኦክስጅን የሆነ ቅልቅል ነው። ለመሥራት ግማሽ ደቂቃ ያህል ስለሚወስድ ምጡ ሲበረታ ሳይሆን ገና መምጣቱ ሲሰማዎት መሳብ መጀመር አለብዎት፤ ዘግይተው ከጀመሩ ጋዙ የሚደርሰው ሕመሙ ሲያልፍ ነው፤ «አልሠራልኝም» የሚሉ አንዳንድ እናቶችም ችግራቸው ይኸው ነው። ጭንብሉን የሚይዙት እርስዎ ብቻ ነዎት፤ ባለቤትዎም ሆነ ሌላ አጋዥ ሊይዝልዎ አይገባም፣ ምክንያቱም ከልክ በላይ ከሳቡ እጅዎ ላልቶ ጭንብሉ በራሱ እንዲወርድ ነው የሚፈለገው። ማቅለሽለሽና ማዞር ሊያመጣ ይችላል። ሕመሙን አያጠፋውም፤ አርቆ ያስቀምጠዋል ቢባል ይሻላል። ሲያቆሙት በደቂቃዎች ውስጥ ከሰውነት ስለሚወጣ ግን ምንም በር አይዘጋብዎትም፤ ከእርሱ ወደ መርፌም ወደ ኤፒዱራልም መሄድ ይቻላል።

ፔቲዲን ላይ ቆም ብዬ ልናገር፤ ምክንያቱም በቀላሉ የሚገኝና በቀላሉ የሚሰጥ በመሆኑ ብዙ ጊዜ ሳይታሰብበት ይወሰዳል። በጡንቻ ከተወጋ በኋላ በ20 ደቂቃ ገደማ መሥራት ይጀምራል፣ ከ2 እስከ 4 ሰዓትም ይቆያል። ከሕመሙ ይልቅ ጭንቀቱን ያበርዳል፤ በምጥና በምጥ መካከል እንቅልፍ ይዞ የሚሄድ፣ ምጡ ሲበረታ ግን ሕመሙን እንዳለ የሚተው መሆኑን ብዙ ሴቶች ይናገራሉ። ስለዚህ በዚያ ባነበቡት ክርክር ውስጥ ሁለቱም እናቶች እውነታቸውን ነው። ማቅለሽለሽ ስለሚያስከትል ብዙውን ጊዜ ከማስታወክ መከላከያ ጋር ይሰጣል። መድኃኒቱ በእንግዴ ልጅ በኩል ወደ ጽንሱ ያልፋል፤ ልጁ መርፌው በተሰጠ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ከተወለደ ትንፋሹ ሊደክም፣ እንቅልፍ ሊያበዛና ጡት ለመያዝ ሊያዘገም ይችላል፤ ከጨቅላው ሰውነት ለመውጣትም ከእናቱ ይልቅ ብዙ ጊዜ ይወስዳል። ትንፋሹ ቢደክም የመድኃኒቱን ሥራ የሚሽር ናሎክሶን የተባለ መድኃኒት አለ፤ ዋናው ሕክምና ግን ትንፋሹን መደገፍ ስለሆነ በዚያ የሠለጠነ ሰው በክፍሉ ውስጥ መኖሩን ይጠይቁ። ከመወጋትዎ በፊት የማሕፀን በር ምን ያህል እንደተከፈተ እንዲታይልዎም ይጠይቁ፤ መውለጃዎ ቀርቦ ከሆነ ትንሽ ታግሶ ያለ መርፌው መጨረስ ሊሻል ይችላል። ከመርፌው በኋላ ቢያንስ ለ2 ሰዓት፣ እንቅልፍ እንቅልፍ እስካለዎት ድረስም፣ ወደ ውሃ ገንዳ አይገባም።

ስለ ኤፒዱራል የሰመመን ሐኪሞች ቢናገሩ ይሻላል። እኔ የምጨምረው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ በሚወልዱበት ቦታ የሰመመን ሐኪም በሌሊትም በበዓልም መኖሩን፣ ከተጠራ በኋላም በምን ያህል ጊዜ እንደሚደርስ በሚቀጥለው ቀጠሮዎ ይጠይቁ። በወረቀት ላይ ያለ አማራጭ ሁሉ በተፈለገበት ሰዓት አይገኝም፤ ኤፒዱራል ቀን ብቻ የሚሰጥ ከሆነ ሐሳብዎን ከአሁኑ በዚያ መጠን ቢያዘጋጁ በምጥ መካከል ከመደናገጥ ይድናሉ።


ምላሽ፣ ከሁለት ልጆች እናት

እህቴ፣ አዋላጇ የጻፉልሽን ደግመሽ አንብቢው። እኔ ያለፍሁበትን ብቻ ልጨምርልሽ፤ የእኔ መንገድ ያንቺ ይሆናል ብዬ ግን አይደለም።

የመጀመሪያ ልጄ ቀኑ ስላለፈ ምጡ የተጀመረው ኦክሲቶሲን በተባለ ምጥ ማስጀመሪያ መድኃኒት ነበር። በመድኃኒት የተጀመረ ምጥ ቀስ እያለ ሳይሆን ቶሎ ቶሎ እየበረታ መጣብኝ፤ ሰውነቴ ሕመሙን ለመልመድ ፋታ አላገኘም። ጋዙን ሞከርሁ፣ አልበቃኝም፤ ኤፒዱራል ጠየቅሁ። በመርፌው ጊዜ ከሕመሙ ይልቅ የከበደኝ ምጥ እየመጣብኝ ሳልነቃነቅ መቀመጡ ነው፤ ሐኪሙ ግን «ሲመጣብሽ ንገሪኝ፣ እኔም አቆማለሁ» ስላለኝ አለፈ። መጀመሪያ ላይ በግራ ጎኔ ብቻ ደንዝዞ በቀኝ በኩል ሕመሙ እንዳለ ቀረ። «ምናልባት እንዲህ ነው የሚሠራው» ብዬ ልተወው ስል እህቴ ጠርታ ነገረችልኝ፤ ሐኪሙም ቱቦውን ትንሽ ወደ ውጭ ሳብ አድርጎ መድኃኒት ሲጨምርበት ሁለቱም ጎን ተስተካከለ። ከዚያ በኋላ ተኛሁ፤ በእውነት ተኛሁ። ለመግፋት ሲነግሩኝ አቅም ነበረኝ፣ ልጄንም የተቀበልሁት በሙሉ ልቤ ነው። ስለዚህ ቢሰጥሽና በአንድ ወገን ሕመሙ ከቀረ ዝም አትበዪ፤ የሚስተካከልበት መንገድ አለው።

ሁለተኛው ልጅ ደግሞ ምጡ በራሱ መጣ፣ ፈጥኖም ገፋ። በዚያ ፍጥነት ኤፒዱራል ብጠይቅ እንኳ የሚደርስ አይመስለኝም፤ በጋዙና በወገብ መታሸት ወለድሁ። አመመኝ፣ በጣም አመመኝ፤ ነገር ግን ሕመሙ አቅጣጫ ያለው ዓይነት ነበር። ከሁለቱ በየትኛው ይበልጥ እናት እንደሆንሁ ብትጠይቂኝ መልስ የለኝም፤ የሚመዘን ነገር አይደለም። ያ አስተያየት ልብሽ ላይ ከቀረ ይህን አስቢ፤ ጥርሱን ሲነቀል መደንዘዣ የወሰደን ሰው ደካማ የሚለው የለም።

በወረቀት ላይ ስትጽፊ ደግሞ «ይህን እፈልጋለሁ፣ ያን አልፈልግም» ከማለት ይልቅ በቅደም ተከተል ጻፊው። «መጀመሪያ በእንቅስቃሴና በሙቅ ውሃ እሞክራለሁ፤ ካልበቃኝ ጋዝ ስጡኝ፤ እርሱም ካልበቃኝ ኤፒዱራል እፈልጋለሁ፤ ፔቲዲን ግን ሌላ ከሌለ ብቻ» ዓይነት ሐሳብ ለአዋላጇም ለሚያግዝሽም ሰው ግልጽ ይሆናል። ስለ ኤፒዱራሉ ስምምነት የሚሰጠውን ወረቀትም ከአሁኑ ጠይቀሽ አንብቢው፤ ምጥ ይዞሽ ሳለ ስለ አደጋ የተጻፈ ወረቀት ማንበብ አይሆንልሽም።


ጥያቄ አቅራቢዋ፣ በኩር ጠባቂ

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። በቅደም ተከተል መጻፍ የሚለው ምክር ሸክሜን አቅልሎልኛል።

አሁን የቀረኝ ኤፒዱራሉ ነው። ወደ ኦፕሬሽን ይመራል የሚባለውና የዘላለም የጀርባ ሕመም ያመጣል የሚባለው እውነት ነውን? ደግሞም ባለፈው የደም ምርመራዬ የፕላትሌት ቁጥሬ 112 ሺህ ሆኖ «ትንሽ ዝቅ ብሏል፣ ግን አያሳስብም» ተብያለሁ። ይህ ኤፒዱራል ከመውሰድ ይከለክለኛል?


ምላሽ፣ ከአንድ የሰመመን ሐኪም

እንደምን ሰነበቱ። በመጨረሻ የጠየቁት ይበልጥ የእርስዎን ሰውነት ስለሚመለከት ከእርሱ እነሣለሁ። ፕላትሌቶች ደም እንዲረጋ የሚረዱ ሕዋሳት ሲሆኑ፣ ከእርግዝና ውጭ የተለመደው ቁጥር በማይክሮ ሊትር ደም ከ150 ሺህ በላይ ነው። በእርግዝና መጨረሻ ላይ ያለ ሌላ በሽታ መጠነኛ መውረድ የተለመደ ነው። እኛን የሚያሳስበን ቁጥሩ በጣም ከወረደ መርፌው በሚገባበት ቦታ ደም ሊጠራቀምና ነርቭን ሊጫን ስለሚችል ነው። በሙያው የታተመ የባለሙያዎች ስምምነት ሌላ የደም መርጋት ችግር እስከሌለ ድረስ ከ70 ሺህ በላይ የሆነ ቁጥር ለኤፒዱራል አነስተኛ ሥጋት ያለው መሆኑን ይገልጻል። ስለዚህ 112 ሺህ በራሱ አይከለክልዎትም። ሆኖም ቁጥሩ እየወረደ መሄዱን ወይም መቆሙን ማወቅ ስለሚያስፈልግ ከመውለጃዎ አቅራቢያ ምርመራው እንዲደገም ይጠይቁ፤ የደም ግፊትዎ ከጨመረ ደግሞ ፕላትሌቱ በፍጥነት ሊወርድ ስለሚችል ምጥ ሲይዝዎ እንደገና ይታያል። ድድዎ የሚደማ ወይም ቆዳዎ ያለ ምክንያት የሚበልዝ ከሆነም ይናገሩ። ይህን ሁሉ ከአሁኑ ከሰመመን ሐኪም ጋር መነጋገር ይቻላል፤ ምጥ እስኪመጣ መጠበቅ የለብዎትም። ደም የሚያቀጥን መርፌ የሚወስዱ፣ የአከርካሪ ቀዶ ሕክምና ያደረጉ ወይም ለመደንዘዣ መድኃኒት አለርጂ ያለባቸው እናቶችም እንዲሁ ማድረግ አለባቸው። ሄፓሪን መሰል የሆኑት የተለመዱ መርፌዎች ለመከላከያ በሚሰጥ መጠን ከተወሰዱ 12 ሰዓት፣ ለሕክምና በሚሰጥ ከፍተኛ መጠን ከተወሰዱ ደግሞ 24 ሰዓት ካላለፈ ኤፒዱራል አይሰጥም።

አሠራሩን በአጭሩ ልግለጽ። ቁጭ ብለው ወይም በጎንዎ ተኝተው ጀርባዎን ወደ ውጭ ያጎብጣሉ፤ ቆዳው ከደነዘዘ በኋላ መርፌው ከወገብ አጥንቶች መካከል፣ ሕብለ ሰረሰር ካበቃበት በታች ይገባል፤ በእርሱም ውስጥ ቀጭን ቱቦ ተላልፎ መርፌው ይወጣል። በጀርባዎ የሚቀረው ለስላሳው ቱቦ ብቻ ነው። ማስገባቱ ከ10 እስከ 20 ደቂቃ፣ መድኃኒቱ ሠርቶ ሕመሙ እስኪበርድ ደግሞ ተጨማሪ 20 ደቂቃ ያህል ይወስዳል። ዛሬ የምንጠቀመው አነስተኛ መጠን ያለው ቡፒቫኬይን የተባለ መደንዘዣ ፈንታኒል ከተባለ የሕመም ማስታገሻ ጋር ተቀላቅሎ ነው። የዚህ ዓላማ ሕመሙን መውሰድ እንጂ እግርን ማሰር አይደለም፤ የምጡን ግፊት ሊሰማዎት፣ እግርዎም ቢከብድ ሊንቀሳቀስ ይገባዋል።

ወደ ኦፕሬሽን ይመራል የሚለው ፍርሃት ከየት እንደመጣ ይገባኛል፤ ምጣቸው የከበደና የተጓተተ ሴቶች ኤፒዱራል የመጠየቅ ዕድላቸውም በቀዶ ሕክምና የመውለድ ዕድላቸውም ከፍ ያለ በመሆኑ ሁለቱ አብረው ይታያሉ። ሴቶች በዕጣ ተከፋፍለው በተጠኑበት ጊዜ ግን ኤፒዱራል በቀዶ ሕክምና የመውለድን ዕድል አልጨመረም፤ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው የኮክሬን ግምገማ ይህንኑ አረጋግጧል። በቫኪዩም (በመምጠጫ) ወይም በፎርሴፕስ (በመቆንጠጫ) መሣሪያ ታግዞ መውለድ በድሮዎቹ ጥናቶች ጨምሮ ይታይ የነበረ ቢሆንም፣ ከ2005 ወዲህ በአነስተኛ መጠን በተደረጉት ጥናቶች ጭማሪው አልታየም። የመግፊያው ጊዜ ግን ረዘም ይላል፤ ይህን መደበቅ አይገባም። በሌላ በኩል በብሪታንያ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ሰፊ ጥናት እንዳሳየው፣ ኤፒዱራል ወስደው የመጀመሪያ ልጃቸውን ሲወልዱ በጎናቸው ከተኙት መካከል 41.1 በመቶ፣ ቀና ብለው ከቆዩት መካከል ደግሞ 35.2 በመቶ ያለ መሣሪያ ወልደዋል። ስለዚህ በመግፊያው ጊዜ በጎን መተኛትን ከአዋላጅዎ ጋር መነጋገር ይጠቅማል። «እስከዚህ ሴንቲሜትር ድረስ ጠብቂ» የሚለው የቆየ ልማድም ማስረጃ የለውም፤ የፋፋመ ምጥ ኖሮ እናቲቱ ከጠየቀች በቂ ምክንያት ነው።

ስለ ጀርባ ሕመም፣ መርፌው በገባበት ቦታ ለጥቂት ቀናት መጠዝጠዝ ይኖራል። ዘላቂ የጀርባ ሕመም ግን ኤፒዱራል በወሰዱና ባልወሰዱ እናቶች መካከል ልዩነት አላሳየም፤ እርግዝናና ልጅ መሸከም ራሳቸው ወገብን ያደክማሉ። በእኔ አስተያየት ይበልጥ መታወቅ ያለበት ሌላ ነገር ነው። ከ100 እናቶች በአንዷ ያህል መርፌው የሕብለ ሰረሰርን ሽፋን ነክቶ ከባድ ራስ ምታት ይመጣል፤ መለያው ሲቀመጡና ሲቆሙ የሚብስ፣ ሲተኙ የሚቀንስ መሆኑ ነው። ይህ ቢደርስብዎ ልጅ በመውለድ የመጣ ድካም ነው ብለው ቤት አይቀመጡ፤ ሕክምና አለው፣ ካስፈለገም ከራስዎ ክንድ የተቀዳ ደም በዚያው ቦታ ተሰጥቶ ቀዳዳው ይደፈናል። ከ10 እናቶች በአንዷ ገደማ ደግሞ ኤፒዱራሉ በደንብ ስለማይሠራ ማስተካከያ ወይም ሌላ ማስታገሻ ያስፈልጋል። የደም ግፊት መውረድ፣ ማሳከክ፣ ትኩሳትና ሽንት ለመሽናት መቸገር የተለመዱ ናቸው፤ ስለዚህ በደም ሥር መስመር ይገባል፣ ግፊትዎና የልጁ የልብ ምት ይከታተላል፣ ሽንትዎም በቱቦ ሊወጣ ይችላል። ዘላቂ የነርቭ ጉዳት ከ10 ሺህ እናቶች በአንዷ እንኳ የማይደርስ ነው። ወደ ልጁ የሚደርሰው መድኃኒት ጥቂት በመሆኑ እንደ ፔቲዲን ትንፋሹን አያደክምም።

አንድ ጥቅም ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ቱቦው ከገባ በኋላ ድንገት ቀዶ ሕክምና ቢያስፈልግ በዚያው ቱቦ ጠንከር ያለ መድኃኒት ተሰጥቶ እናቲቱ ነቅታ ልትወልድ ትችላለች፤ ሙሉ ሰመመን የሚያስከትለውን ተጨማሪ አደጋ ያስቀራል። ስለዚህ የደም ግፊት ላለባቸው ወይም ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልጋቸው ይችላል ተብለው ለሚገመቱ እናቶች ሕመሙ ሳይበረታ ቀድመው እንዲወስዱ የምንመክርበት ጊዜ አለ። ኤፒዱራል ፈጽሞ የማይሰጣቸው ሴቶችም ያለ አማራጭ አይቀሩም፤ ሬሚፈንታኒል የተባለ፣ እናቲቱ ራሷ ቁልፍ እየተጫነች በደም ሥር የምትወስደውና በደቂቃዎች ውስጥ ሥራው የሚያልቅ መድኃኒት አለ። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት እንደሚያሳየው እርሱን ከወሰዱት መካከል በኋላ ኤፒዱራል የጠየቁት 19 በመቶ ሲሆኑ፣ ፔቲዲን ከወሰዱት ግን 41 በመቶ ነበሩ። የእናቲቱን ትንፋሽ ሊያደክም ስለሚችል አንድ ባለሙያ ከአጠገቧ ሳይለይ ሊከታተላት ግድ ነው፤ ይህ ማሟላት በማይቻልበት ቦታ መሰጠት የለበትም።


ጥያቄ፣ ከአንድ ባል

ይህን ውይይት በአድናቆት ተከታትያለሁ። የባለቤቴ ምጥ በሚቀጥለው ሳምንት በመድኃኒት እንዲጀመር ተወስኗል፤ እኔም አብሬያት እገባለሁ። በክፍሉ ውስጥ ሕመሙን ለማቅለል የምችለው ነገር ካለ ብትነግሩኝ።


ምላሽ፣ ከአንዲት አዋላጅ

ወንድሜ፣ በመግባትዎ ደስ ብሎኛል። በመድኃኒት የተጀመረ ምጥ የሁለት ልጆች እናት የሆነችው እህት ከላይ እንደገለጸችው ሊፈጥን ስለሚችል፣ ኤፒዱራል የሚፈልጉ ከሆነ ኦክሲቶሲኑ ከመጀመሩ በፊት ለአዋላጇ ያሳውቁ፤ የሰመመን ሐኪሙ ቀድሞ ያውቀዋል። ሕመሙ ወደ ወገቧ ከሄደ በመዳፍዎ የወገቧን የታችኛውን አጥንት አጥብቀው ይጫኑላት፣ ምጡ እስኪያልፍም አይልቀቁ፤ የት እንደሚሻላት እርሷው ትነግርዎታለች። ምጡ ላይ እያለች ጥያቄ አይጠይቋት፤ በመካከሉ ይጠይቁ። ሰው ሊያነጋግራት ሲመጣም «ይህ ምጥ ይለፍ» ብሎ ማስቆም የእርስዎ ሥራ ነው። ማስታገሻ ስትጠይቅ ደግሞ «ትንሽ ቻይው» አይበሏት፤ ለአዋላጇ ይንገሩ። ራሷ ከምጥ በፊት «ቆም ብዬ እንዳስብ አድርጉኝ» ብላዎት ከነበረ ያንን ያስታውሷት፣ ከዚያ በኋላ ግን ውሳኔው የእርሷ ነው።

ለሁለታችሁም፣ ለጠያቂዋም ጭምር፣ አንድ ነገር ልጨምር። ልጁ ከተወለደ በኋላ ስፌት ካስፈለገ ቦታው በሊዶኬይን መደንዘዝ አለበት፤ ኤፒዱራል ካለም በእርሱ በኩል ይሰጣል። መርፌው ገብቶ ሕመም ከተሰማት ተጨማሪ መደንዘዣ መጠየቅ መብቷ ነው፤ «አለቀ፣ ጥቂት ነው የቀረው» ተብሎ መታለፍ የለበትም። በኋላ ላይ ለሚኖረው ሕመም ፓራሲታሞልና አይቡፕሮፌን ጡት ለምታጠባ እናት ይስማማሉ፤ የጨጓራ ቁስለት፣ የኩላሊት ችግር ወይም ከፍተኛ የደም ግፊት ካለባት ግን አይቡፕሮፌኑን ከመውሰዷ በፊት ሐኪም ይጠየቅ። ኮዴይን ያለበትን ማስታገሻ ጡት በምታጠባበት ጊዜ አትውሰድ፤ በአንዳንድ እናቶች ሰውነት ውስጥ በፍጥነት ወደ ሞርፊን ስለሚለወጥ በጡት ወተት አልፎ የጨቅላውን ትንፋሽ ሊያደክም ይችላል።